ስለ ክትባት ጉዳት የሚወጡ ርዕሰ ዜናዎችን እንዴት እንመርምር?

ርዕሰ ዜናው «ከተከተበ በኋላ ሞተ» ሲል፣ «በኋላ» ማለት «በዚያ ምክንያት» ማለት አለመሆኑን ያስተውሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 የመጀመሪያ ሩብ ዓመት በአሜሪካ ፌስቡክ ላይ ከሁሉም ይበልጥ የታየው ዜና፣ አንድ «ጤነኛ» ሐኪም የኮቪድ ክትባት በወሰደ በሁለት ሳምንቱ መሞቱንና ምክንያቱ እየተጣራ መሆኑን የሚገልጽ ነበር፤ ዜናው ወደ 54 ሚሊዮን በሚጠጉ አካውንቶች ታየ፣ ክትባቱ ለሞቱ ምክንያት ነው ለማለት በቂ ማስረጃ አለመገኘቱ የተገለጸው ግን ከወራት በኋላ ነው። ስለዚህ ከማጋራትዎ በፊት የዜናውን ቀን ይመልከቱ፤ ተከታይ ዘገባም ይፈልጉ።

«በሺዎች የሚቆጠሩ ጉዳቶች» የሚል ቁጥር ካዩ ደግሞ ምንጩን ያጣሩ። ከክትባት በኋላ የታዩ የጤና ችግሮች የሚመዘገቡበት ቬርስ (VAERS) የተባለው የአሜሪካ መዝገብ ከማንኛውም ሰው የሚቀበለውን ሪፖርት የሚያሰፍረው መንስኤው ሳይረጋገጥ ነው፤ መዝገቡ ለባለሙያ የጥርጣሬ ምልክት (እውነተኛ ጉዳት የሚጠቆመውም በዚሁ ነው) እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም።