የሞዴል ባቡር ሐዲድን በኤሌክትሪክ ሲነጥሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለቡ ጣቢያን በ1:87 ልኬት ጠረጴዛ ላይ ለመሥራት የተነሣን ሰው የሐዲዱ ስፋት አያስቸግረውም፤ 1,435 ሚሊሜትር ለ87 ሲካፈል ገበያ ላይ ያለው 16.5 ይመጣል። ችግሩ የሚጀምረው አንዱ ባቡር ቆሞ ሌላው እንዲሄድ ሲፈለግ ነው። በተለመደው የ12 ቮልት ዲሲ አሠራር ሁለቱ ሐዲዶች ራሳቸው ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ሽቦ ስለሆኑ፣ የሚቆምበትን ቦታ ከቀረው መነጠል ግድ ነው። መቁረጡ የደቂቃ ሥራ ነው። እንደተቆረጠ እንዲቆይ ማድረጉ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ክፍተቱን ባዶ መተው

ለገጣፎም ይሁን ሰበታ፣ ኮርኒስ የሌለው ባለቆርቆሮ ጣራ ሰርቪስ ክፍል ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ቀትር ላይ ይግላል። ልዩነቱ 20 ዲግሪ ከሆነ 3 ሜትር የኒኬል ሲልቨር ሐዲድ 1 ሚሊሜትር ገደማ ይረዝማል፤ በቀጭን ዲስክ የተቆረጠ ክፍተት ደግሞ ከዚያ ይጠባል። ጠዋት በትክክል የሠራው ክፍል ከሰዓት በኋላ ይገናኝና የቆመው ባቡር ማንም ሳይነካው ይነሣል። ብዙዎች ስዊቹን ይጠረጥራሉ፤ ስዊቹ ግን ምንም አላደረገም።

ሲም ካርድ ተነቅሎ የሚወጣበት ትልቁ ፕላስቲክ ውፍረቱ 0.76 ሚሊሜትር ነው። ከእሱ ቆርጠው ክፍተቱ ውስጥ ያስገቡ፣ በሱፐር ግሉ ያጣብቁ፣ ሲደርቅ በትንሽ ሞረድ የሐዲዱን ቅርጽ ያስይዙት። በውስጥ በኩል ትርፍ ከቀረ ጎማው ይዘልበታል። ሐዲዱ መርዘሙ ግን አይቀርም፤ መተንፈሻ ካጣ ይጎብጣል። ስለዚህ በየሜትሩ አንድ የብረት መጋጠሚያ ሳይበየድ፣ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ፈታ ብሎ ይቅር።

ኩርባ ላይ መቁረጥ

የታጠፈ ሐዲድ ሲቆረጥ ጫፎቹ ወደ ቀጥታ መመለስ ይፈልጋሉ፤ ባቡሩም እዚያው ይወድቃል። በተቻለ መጠን ቀጥ ያለውን ቦታ ይምረጡ። ግዴታ ከሆነ ከመቁረጥዎ በፊት በሁለቱም በኩል 5 ሴንቲሜትር ያህል ሐዲዱን ከችፑዱ ጋር ያጣብቁ። ሲጌቶ አይመከርም፤ ጥርሱ ሐዲዱን ከፕላስቲክ አግዳሚዎቹ ይነቅለዋል። ከቆረጡ በኋላ የብረት ብናኙን በብሩሽ ይጥረጉ፤ አንዲት ፍንጣሪ ክፍተቱን ለማገናኘት ትበቃለች።

የፕላስቲክ መጋጠሚያው አጠገብ መበየድ

በቁርጡ ላይ ሁለቱን ሐዲዶች ኤሌክትሪክ ሳያስተላልፍ የሚያያይዘው የፕላስቲክ መጋጠሚያ ይቀልጣል። መጀመሪያ ሽቦውን ይበይዱ፣ ሲቀዘቅዝ መጋጠሚያውን ያስገቡ።

በሚመስል ሽቦ መመገብ

የተነጠለ ክፍል ሁሉ በራሱ ስዊች የሚያልፍ የራሱ ሽቦ ያስፈልገዋል። ለአጭር መጋቢ የኔትወርክ ኬብል ሽቦ ይሠራል፤ ግን በምላጭ ፍቀው ይዩት። ከላዩ መዳብ ሆኖ ውስጡ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነው፤ ሊድ በደንብ አይይዝለትም፣ ሲታጠፍም ይሰበራል። ከጠረጴዛው ሥር ለሚሄደው ዋና መስመር 1.5 ካሬ ሚሊሜትር የቤት ሽቦ በቂ ነው።

ሁለት መቆጣጠሪያ ካለዎትና አንዱን ሐዲድ ለጋራ ከተዉት፣ ቁርጦቹ ሁሉ በሌላኛው ሐዲድ ላይ ይሁኑ። እያንዳንዱ መቆጣጠሪያም የራሱ ትራንስፎርመር ይኑረው፤ ከአንድ ትራንስፎርመር ከተመገቡ በጋራው ሐዲድ በኩል ሾርት ያደርጋሉ።

መንታ መንገዱን በስተኋላ መመገብ

መስመር የሚለያይበት ቦታ ላይ ሁለቱ የውስጥ ሐዲዶች የሚገናኙበት ሹል፣ ፍሮግ የሚባለው፣ ከብረት ከሆነ ምላሱ (ባቡሩን ወደ አንዱ መስመር የሚመራው ተንቀሳቃሽ ሐዲድ) ሲዞር ፖላሪቲው ይቀየራል። ከሹሉ ማዶ ካለው መስመር ኤሌክትሪክ ከመጣ ሾርት ነው። ሽቦው ከምላሱ ጫፍ በኩል ይግባ፤ ከሹሉ የሚወጡት ሁለቱ የውስጥ ሐዲዶች ደግሞ ይነጠሉ። ሹሉ ፕላስቲክ ከሆነ ይህ አያሳስብም።

ዞሮ የሚመለሰውን መስመር በአንድ ቁርጥ ማለፍ

ባቡሩ ዞሮ ወደመጣበት መስመር ሲገባ የግራው ሐዲድ ከቀኙ ጋር ይገጥማል። እዚህ አንድ ሐዲድ መቁረጥ አይረዳም፤ በመግቢያውም በመውጫውም ሁለቱም ሐዲዶች፣ በድምሩ አራት ቦታ፣ መቆረጥ አለባቸው። የተነጠለው ክፍል ከረጅሙ ባቡርዎ ይርዘም። የብረት ጎማ ያላቸው ፉርጎዎች በሁለቱ ጫፍ ያሉትን ክፍተቶች በአንድ ጊዜ ከረገጡ ሾርቱ ተመልሶ ይመጣል።

ዳዮዱን ገልብጦ መትከል

በሙት መስመር መጨረሻ ላይ ሎኮሞቲቩ ግድግዳ ሳይመታ ራሱ እንዲቆም አንድ ሐዲድ ይቆረጥና ክፍተቱ ላይ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ 1N4007 ዳዮድ ይበየዳል። ይህ 1 አምፒር የሚችል ሲሆን ሬዲዮ ጠጋኝ ቤት ሁሉ አይጠፋም። በትክክል ከተተከለ ሎኮሞቲቩ ሲገባ ይቆማል፣ አቅጣጫ ሲቀየርለት ይወጣል። ከተገለበጠ ደግሞ ሳይቆም ይገባና መውጫ ያጣል። የክፍሉ ርዝመት ከሎኮሞቲቩ ቢያንስ በ10 ሴንቲሜትር ይብለጥ፤ በዝግታም ይግባ፣ ፍጥነት ካለው መብራቱ ጠፍቶም ይንሸራተታል። ዲጂታል መቆጣጠሪያ ባለበት ግን ይህን ዘዴ ይተዉት።

ሎኮሞቲቩን ሐዲድ ላይ ትቶ መለካት

ቴስተሩ በሞተሩ ጥቅል በኩል መንገድ አግኝቶ ሊጮህ ይችላል፤ ደህናውን ቁርጥ መልሰው መቆፈር ይጀምራሉ። ሎኮሞቲቮችንና መብራት ያላቸውን ፉርጎዎች በሙሉ ያንሱ፣ ትራንስፎርመሩን ይንቀሉ፣ የክፍሉን ስዊች ያጥፉ፣ ከዚያ ክፍተቱን ግራና ቀኝ ይንኩ። ዳዮድ ባለበት ቴስተሩ በአንድ አቅጣጫ ንባብ ቢያሳይ ጤነኛ ነው። ልኬቱን ጠዋት አንዴ፣ ቆርቆሮው ሲግል ደግሞ አንዴ ይውሰዱ።