ከጉዳት ስትመለሱ ዳገቱን ሩጡ፣ ቁልቁለቱን በእርምጃ ውረዱ

ከጉልበት ጉዳት ወይም ከእግር አጥንት ስብራት አገግማችሁ ሐኪሙ ሩጫ ፈቅዶላችኋል እንበል። ሜዳ ላይ ሶምሶማ ማለት ግን አሁንም ያማል። እንግዲያው ዳገቱን ሩጡ፣ ቁልቁለቱን በእርምጃ ውረዱ። እንጦጦ የምትሮጡ ከሆነ ጠጠር ያልበዛበት አጭር ዳገት ምረጡ። ቀስ እያላችሁ ውጡ፣ ዘና ብላችሁ ተመለሱ።

ዳገት ላይ እግር መሬት የሚመታው ቀለል ብሎ ነው። ፍጥነት በራሱ ይቀንሳል፤ ልብና ሳንባ ግን ሥራ አይፈቱም። ቁልቁለት ላይ የታፋ ጡንቻ እየተለጠጠ ሰውነትን እንደ ፍሬን ይይዛል፤ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫናም ይጨምራል። ብዙ ቁልቁለት በሮጥን ማግስት ደረጃ መውረድ የሚያቅተን ለዚህ ነው። ቁልቁለት ሩጫ የመጨረሻው ይሁን (የሚናፍቀው እሱ ቢሆንም)። ሲጀመርም ለስለስ ባለ፣ ሰፊ መንገድ ላይ።

የተጎዳችሁት ባታችሁን ወይም የተረከዝ ጅማታችሁን ከሆነ ይሄን አትሞክሩት። ዳገት አብዝቶ የሚወጥረው እነሱን ነው፤ ለእናንተ ሜዳው ይሻላል። በማግስቱ ጠዋት እብጠት ካያችሁ ወይም ሕመሙ ከባሰ አረፍ በሉ፣ ስትመለሱም ዙሩን ቀንሱ።