በባንክራፕሲ ጊዜ ጉድለት ያለበት የቤት ሊየን፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

በአሜሪካ ባንክራፕሲ (ዕዳ መክፈል ላቃተው ሰው በፍርድ ቤት በኩል የሚደረግ የዕዳ እፎይታ) ውስጥ ሊየኑ (ዕዳን ለማስከበር በቤቱ ላይ የተያዘ መብት) ጉድለት ስላለበት ብቻ አይወድቅም። ቢወድቅም ጥቅሙ ለባለቤቱ ላይደርስ ይችላል፤ ቤት ለማዳን ብለው ገብተው ቤት የሚያጡ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ከምንም በፊት አራት ቀኖችን ይጻፉ፦ ሰነዱ የተፈረመበትን፣ በካውንቲው የመሬት መዝገብ የገባበትን፣ ባንክራፕሲው የተከፈተበትንና ዲስቻርጁ (ከዕዳ ነፃ የሚያደርገው የፍርድ ቤት ትእዛዝ) የወጣበትን።

ዲስቻርጅ ወጥቷል፤ ቤቱ ሊሸጥ ሲል ታይትል ካምፓኒው (የቤቱን ባለቤትነት መዝገብ የሚመረምረው ድርጅት) አሮጌ ጀጅመንት (ለአበዳሪ የተፈረደ የዕዳ ፍርድ) አገኘ

ምክንያት፦ ዲስቻርጅ የሚሰርዘው የግል ተጠያቂነትን ነው። አበዳሪው ከእንግዲህ ደሞዝ ማስያዝ አይችልም፤ በቤቱ ላይ ያረፈው ሊየን ግን ማንም ካላስነሳው ባለበት ይቀጥላል።

መፍትሄ፦ በባንክራፕሲ ሕጉ አንቀጽ 522(ኤፍ) መሠረት ሞሽን (ለፍርድ ቤቱ የሚቀርብ ጥያቄ) ማስገባት። ፋይሉ ተዘግቶ ከሆነ መጀመሪያ እንዲከፈት ይጠየቃል። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ የጀጅመንቱ መጠን፣ በቤቱ ላይ ያሉት ሌሎች ሊየኖችና ሕግ የሚፈቅድልዎ የቤት ኤግዘምፕሽን (ከአበዳሪዎች የሚጠበቅልዎ የቤቱ ዋጋ ድርሻ) ይደመራሉ፤ ከድምሩ ላይ የቤቱ ዋጋ ይቀነሳል። ለምሳሌ ቤቱ 400,000 ዶላር ቢያወጣ፣ ሞርጌጁ 360,000፣ ጀጅመንቱ 30,000፣ ኤግዘምፕሽኑ 25,000 ቢሆን ድምሩ 415,000 ነው። ትርፉ 15,000 ስለሆነ ከጀጅመንቱ የሚነሳው ያ ግማሽ ብቻ ነው፤ ቀሪው 15,000 በቤቱ ላይ ይቆያል።

እዚህ ላይ የሚዘነጋው፣ የሚታየው ዋጋ ባንክራፕሲው በተከፈተበት ቀን የነበረው እንጂ የዛሬው አለመሆኑ ነው። ዓመታት ካለፉ፣ ለዚያን ቀን ተመልሶ የሚገምት አፕሬዘር ያስፈልጋል። ይህ መንገድ የሚሠራው በፍርድ ለመጣ ሊየን ነው፤ ለንብረት ታክስ፣ ለኮንትራክተር ሊየንና ለልጅ ማሳደጊያ አይሠራም። ቤቱን የገዙት ሊየኑ በቦታው ላይ ካረፈ በኋላ ከሆነም አይሠራም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን በ1991 በፋሪ እና ሳንደርፉት ክርክር ወስኗል።

የሞርጌጁ ሰነድ ተበላሽቷል፤ "እንግዲህ ቤቱ ነፃ ነው" ተባለ

ኖታሪው የፈራሚውን ስም ባዶ ትቶታል፣ ከባልና ሚስት አንዱ አልፈረመም፣ የቦታው መግለጫ የሌላ ቦታ ነው፣ ወይም ሰነዱ ጭራሽ አልተመዘገበም። ይህን ጉድለት ይዘው ወደ ቻፕተር 7 (ትረስቲ የሚባል ተሿሚ ንብረት ሸጦ ለአበዳሪዎች የሚያከፋፍልበት የባንክራፕሲ ዓይነት) መግባት አደገኛ ነው።

በአንቀጽ 544 መሠረት ትረስቲው ባንክራፕሲው በተከፈተበት ቀን ቤቱን እንደገዛ ቅን ገዢ ይቆጠራል፤ እሱ በግሉ ሞርጌጁ መኖሩን ቢያውቅም ለውጥ የለውም። መዝገቡን ያየ ገዢ ሊየኑን የማያገኝ ከሆነ ትረስቲው ያፈርሰዋል። ግን በአንቀጽ 551 የፈረሰው ሊየን አይጠፋም፤ ደረጃውን እንደያዘ ለአበዳሪዎች ሁሉ ጥቅም ለባንክራፕሲው ንብረት ይተላለፋል። ሞርጌጁን የሰጡት በፈቃድዎ ስለሆነ ኤግዘምፕሽንዎን በዚያ ድርሻ ላይ ማስቀደም አይችሉም። ትረስቲው የባንኩን ቦታ ይይዝና ቤቱን ለሽያጭ ያቀርባል።

መፍትሄው ከማመልከቻው በፊት ነው። የተመዘገበውን ቅጂ ያውጡ (በሜሪላንድ ኤምዲላንድሬክ በተባለው ድረ ገጽ በነፃ ይገኛል)፤ የኖታሪውን ገጽ፣ ፊርማዎቹንና የቦታውን መግለጫ ከቤቱ ዲድ (የባለቤትነት ሰነድ) ጋር ያስተያዩ። ጉድለት ከተገኘ ቻፕተር 13 (ንብረትዎን ይዘው ዕዳውን በዕቅድ የሚከፍሉበት ዓይነት) ይሻል እንደሆነ ከጠበቃ ጋር ይመዝኑ። ባንኩ ሰነዱን አርሞ እንደገና ቢያስመዘግብም፣ ከዚያ ቀን አንሥቶ 90 ቀን ሳያልፍ ባንክራፕሲው ከተከፈተ ትረስቲው በሌላ በር (ከታች ባለው አንቀጽ 547) ሊገባ ይችላል።

ሁሉም ጉድለት ግን ሊየኑን አይጥልም። በሜሪላንድ ሕግ የፎርማሊቲ ስህተት ሰነዱ በተመዘገበ በ6 ወር ውስጥ በፍርድ ቤት ካልተነሳ እንደታረመ ይቆጠራል። ኦሃዮም ጉድለት ያለበት ሞርጌጅ እስከተመዘገበ ድረስ ለሕዝብ ማስታወቂያ ነው የሚል ሕግ አውጥታለች፤ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2016 አጽንቶታል። የራስዎን ግዛት ሕግ ሳያዩ በሌላ ግዛት ፍርድ አይተማመኑ።

ሊየኑ የተመዘገበው ባንክራፕሲው ሊከፈት ሲል ነው

ለቀድሞ ዕዳ በመጨረሻዎቹ 90 ቀናት ውስጥ የተሰጠ ሊየን በአንቀጽ 547 ሊፈርስ ይችላል። ሰነዱ ከተፈረመ በ30 ቀን ውስጥ ከተመዘገበ በተፈረመበት ቀን ይቆጠራል፤ ካለፈ በተመዘገበበት።

በኛ ሰው መካከል ችግር የሚያመጣው ከወንድም ወይም ከእህት የተወሰደ ብድር ነው። ገንዘቡ በእምነት ይሰጣል፣ ነገሩ ሲከፋ "ቢያንስ አንተ አትጎዳ" ተብሎ ዲድ ኦፍ ትረስት (ቤቱን ለብድሩ መያዣ የሚያደርግ ሰነድ) ይፈረማል። ዘመድ ኢንሳይደር (ለባለዕዳው የቅርብ ሰው) ስለሆነ ለእሱ ወደኋላ የሚታየው አንድ ዓመት ነው። ከ90 ቀን በፊት ላለው ጊዜ ግን ዕዳው ከንብረቱ በልጦ እንደነበር ትረስቲው ማስረዳት አለበት፤ ክርክሩም በዚህ ላይ ይሁን። ትክክለኛው አሠራር ሰነዱን ገንዘቡ በተሰጠበት ዕለት ፈርሞ ወዲያው ማስመዝገብ ነው።

በ90 ቀኑ ውስጥ የገባው ያለ ፈቃድዎ የመጣ ጀጅመንት ከሆነና ትረስቲው ዝም ካለ፣ ኤግዘምፕሽንዎ እስከሚሸፍነው ድረስ እርስዎ ራስዎ በ522(ኤች) ማፍረስ ይችላሉ።

የስም ስህተት

መንጃ ፈቃድ ላይ የአያት ስም መጨረሻ ሆኖ ተጽፎ፣ ብድሩ ላይ የአባት ስም መጨረሻ ሆኖ ይገባል። ለሬስቶራንት ዕቃ ወይም ለመሣሪያ በሚመዘገበው ዩሲሲ-1 (ዕቃው ለብድር መያዙን የሚያስታውቅ ቅጽ) ላይ፣ በትክክለኛው ስም ሲፈለግ ካልወጣ ምዝገባው ዋጋ የለውም። ባለቤትም አበዳሪም ከመንጃ ፈቃዱ ጋር ፊደል በፊደል ያመሳክሩ። በጄኔራል ሞተርስ ባንክራፕሲ በስህተት የገባ አንድ የመሰረዣ ቅጽ ለ1.5 ቢሊዮን ዶላር ብድር የተያዘውን ዋና ምዝገባ እንደሰረዘ በ2015 ተወስኗል፤ ጠበቆች በቅጹ ረቂቅ ላይ ስህተቱን ሳያዩ አሳልፈውት ነበር።

ትክክል ሆነው ሳለ ሞሽኑ ተጣለ

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ፖስታው ነው። ተቃዋሚው በፌዴራል ዋስትና ሥር ያለ ባንክ ከሆነ፣ በደንብ 7004(ኤች) ሰነዱ በሰርቲፋይድ ሜይል ለባንኩ ኃላፊ ተብሎ መላክ አለበት፤ የክፍያ ፖስታ ሳጥን አይበቃም። ከ522(ኤፍ) ውጭ የሊየንን ሕጋዊነት የሚመለከት ክርክር በሞሽን ሳይሆን አድቨርሰሪ ፕሮሲዲንግ በሚባለው የተለየ ክስ ይቀርባል። ሳመንሱ (የፍርድ ቤት መጥሪያው) በወጣ በ7 ቀን ውስጥ ካልተላከ አዲስ ይወጣል። ትረስቲው ለ544ና ለ547 ክሶች በመደበኛው 2 ዓመት አለው።

ትእዛዙ ሲወጣ የተረጋገጠ ቅጂ ከባንክራፕሲ ፍርድ ቤቱ ወስደው ቤቱ ባለበት ካውንቲ መዝገብ ያስገቡ። ካልገባ የሚቀጥለው ታይትል ምርመራ ያንኑ ጀጅመንት ያወጣል።