ሲኩዌንስ ዲያግራምን በየደረጃው እንዴት እንሳል?

ሲኩዌንስ ዲያግራም ማን ለማን ምን መልእክት እንደሚልክ በቅደም ተከተል ያሳያል። ተሳታፊዎቹ ከላይ ይደረደራሉ፤ ከየስማቸው ሥር ላይፍላይን የሚባለው መስመር ይወርዳል፤ መልእክቱ ከመስመር ወደ መስመር በሚሄድ ቀስት ይሳላል፤ ጊዜው ከላይ ወደ ታች ይነበባል። ምልክቶቹን መልመድ ቀላል ነው። የሚያስቸግረው ምን ያህል ዝርዝር ይግባ የሚለው ነው። በአንዱ ባንክ ካርድ ከሌላው ባንክ ኤቲኤም 1,000 ብር ማውጣትን እንውሰድ።

1. መጀመሪያ ሲስተሙን ውስጡ እንደማይታይ ሳጥን ቁጠሩት። ላይፍላይኖቹ ሁለት ናቸው፤ ደንበኛውና ሲስተሙ። ደንበኛው ካርድ ያስገባል፣ ሚስጥር ቁጥር ይመታል፣ መጠን ይመርጣል፤ ሲስተሙ ብሩን ይሰጣል። ዳታቤዝ የሚል ቃል ከገባበት አውጡት፤ አንባቢው ሥራውን ያዘዘው ክፍል እንጂ ፕሮግራመር አይደለም።

2. ቀጥሎ ሳጥኑን ክፈቱት። ኤቲኤሙ፣ የኤቲኤሙ ባለቤት ባንክ፣ ባንኮቹን የሚያገናኘው ኢትስዊችና ካርዱን የሰጠው ባንክ የየራሳቸውን ላይፍላይን ያገኛሉ። ጥያቄው በዚሁ ቅደም ተከተል ይሄዳል፤ መልሱ በመጣበት መንገድ፣ በተቆራረጠ መስመር ይመለሳል። የካርድ ክፍያ መልእክቶች ዓለም አቀፍ ደረጃ በሆነው አይኤስኦ 8583 የገንዘብ ጥያቄ 0200፣ መልሱ 0210 ነው። ቁጥሩን ቀስቱ ላይ ብትጽፉት፣ ኋላ ሎግ (ሲስተሙ የሚመዘግበውን የሥራ መዝገብ) ስታነቡ ይጠቅማችኋል።

እዚህ ደረጃ ላይ አትቸኩሉ። ሁሉም ነገር የተሳካበትን መንገድ ብቻ የሚያሳይ ሥዕል ብዙም አይረባም። «ከሂሳቤ ተቀንሷል፣ ብሩ ግን አልወጣም» የሚለው አቤቱታ የሚነሳው ከ0210 በኋላ ባለው ክፍተት ነው። ስለዚህ አማራጮችን የሚያሳየውን፣ አልት የሚባለውን ክፈፍ ሳሉና ለሁለት ክፈሉት፦ «ብሩ ወጣ» እና «ብሩ አልወጣም»። በሁለተኛው ሥር ከኤቲኤሙ ወገን 0420፣ ማለትም ሪቨርሳል (ቅናሹን የሚሰርዝ መልእክት)፣ ይላካል። እሱም መንገድ ላይ ቢጠፋስ? መልሱ 0430 እስኪመጣ ድረስ ደጋግሞ መላክን በሉፕ (የድግግሞሽ) ክፈፍ አሳዩ።

3. ሦስተኛው ደረጃ ወደ አንዱ ተሳታፊ ውስጥ ብቻ ይገባል፤ ካርዱን ወደሰጠው ባንክ እንበል። ላይፍላይኖቹ አሁን ኦብጀክቶች (የፕሮግራሙ ክፍሎች)፣ ቀስቶቹ የሜተድ ጥሪዎች (አንዱ ክፍል ሌላውን ሥራ የሚያዝባቸው) ናቸው። ኮድ ቶሎ ስለሚቀየር ሁሉንም መሳል ድካም ነው፤ እኔ የምስለው አከራካሪውን ቦታ ብቻ ነው። ለምሳሌ ከአንድ ሂሳብ ሁለት ወጪ በአንድ ጊዜ ሲጠየቅ ሂሳቡ የሚቆለፈው ቀሪው ከመታየቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

ደረጃዎቹን አንድ ገጽ ላይ አትቀላቅሉ። በሁለተኛው ሥዕል ላይ ወደ ሌላ ሥዕል የሚመራውን ሬፍ የሚል ክፈፍ አስቀምጡና «ቀሪ ሂሳብ ማረጋገጥ» ብላችሁ ጻፉበት፤ ዝርዝሩ በዚያው ስም ለብቻው ይሳላል። ጽሑፍን ወደ ሥዕል በሚቀይሩት በፕላንትዩኤምኤል ወይም በመርሜይድ ከጻፋችሁት ሥዕሉ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ ከኮዱ ጋር ጊት (የኮድ ለውጥ መዝጋቢ) ውስጥ ይቀመጣል።