ጥቅማ ጥቅሙ ለማን ይደርሳል? በኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ እንዴት እንደሚጣራ

ጥቅማ ጥቅሙ ያለ አድልዎ መድረሱን ማጣራት የሚጀመረው ከፔሮሉ (ከደሞዝ መክፈያ መዝገቡ) ነው፤ የድርጅቱ መመሪያ ላይማ ሁሉም ነገር ለሁሉም ተጽፏል። የሰው ሀብት ክፍልም ይሁን የሠራተኛ ማኅበር በቅድሚያ የ12 ወር ፔሮል፣ የፈቃድ መዝገብና የሰርቪስ ስምሪት ያውጣ።

ከዚያ ሠንጠረዥ ሥሩ። በረድፍ የቢሮ ቋሚ፣ የማምረቻ ቋሚ፣ ኮንትራትና በኤጀንሲ የገባ፤ እያንዳንዱ ወንድና ሴት ተለይቶ። በዓምድ ሰርቪስ፣ ምሳ፣ ሕክምና፣ የቤት አበል፣ ቦነስ፣ ደንብ ልብስ። በየሳጥኑ «አለ» ወይም «የለም» ብሎ ማለፍ ዋጋ የለውም፤ ስንት ሰው በትክክል እንዳገኘና ለአንድ ሰው ስንት ብር እንደደረሰ ይጻፍ።

ቀጥሎ ሕጉ ያስቀመጠውን ወለል፣ ማለትም ዝቅተኛውን መጠን፣ አመሳክሩ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በየ2 ዓመቱ 1 ቀን ይጨመራል። 5 ዓመት የሠራ 18 ቀን አለው። የወሊድ ፈቃድ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ቀን ነው፤ ለአባት 3 ቀን፣ ሁሉም ከነደሞዙ። የጡረታ መዋጮ፣ በጡረታ አዋጁ፣ አሠሪው 11፣ ሠራተኛው 7 በመቶ። ከዚህ በታች የተገኘ የሕግ ጥሰት ነውና ድርድር አያስፈልገውም። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የኮንትራት ሠራተኛው ፈቃድ ነው፤ ውሉ በታደሰ ቁጥር አገልግሎቱ ከዜሮ ይቆጠርና ዓመት በመጣ ቁጥር 16 ላይ ይቀራል። ሥራው በባሕርዩ ቋሚ ከሆነ ውሉን እየቆራረጡ ማደስ ራሱ አያስኬድም።

ከወለሉ በላይ ያለው አድልዎ የሚደበቀው መስፈርቱ ውስጥ ነው። ሰርቪሱ ከደሴ ጠዋት መጥቶ ማታ 11 ሰዓት ብቻ የሚመለስ ከሆነ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት የሚወጣው ፈረቃ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎ ዳገት የሚወጣው በራሱ ኪስ ነው። የአውቶቡሱን ወርሃዊ ወጪ ለተሳፋሪዎቹ አካፍላችሁ ለቢሮው ረድፍ ጻፉ፤ ለፈረቃው ዜሮ። ልዩነቱ ያኔ ይታያል።

የቤት አበል በመቶኛ ከሆነም እንዲሁ። በ10 በመቶ 4,000 ብር የሚከፈለው 400፣ 20,000 የሚከፈለው 2,000 ይወስዳል፤ አከራይ ግን ደሞዝ አይቶ አይቀንስም። ለሁሉም አንድ የተቆረጠ ብር ማድረግ ይሻላል። ቦነስ «ሥራ ላይ በተገኙበት ቀን» ከተሰላ ደግሞ ያረገዘች ሴት የ120 ቀኗን ድርሻ ታጣለች፤ ቀመሩ ውስጥ የወሊድ ፈቃድ እንደ ሥራ ቀን እንዲቆጠር አስገቡ።

ለማመጣጠን ሲባል የቢሮውን መቀነስ ግን አይመከርም። በኅብረት ስምምነት (ማኅበሩና አሠሪው በተፈራረሙት ውል) የገባ ጥቅም በአሠሪው ብቻ አይነሳም፤ ክርክር ነው የሚያመጣው። የታችኛውን በሁለት ወይም ሦስት የበጀት ዓመት ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ቀኑ ግን በጽሑፍ ይያዝ።

ማኅበር የሌለበት ድርጅት 10 ሠራተኛ ካለው ማቋቋም ይችላል። ያልተከፈለ ደሞዝ፣ ትርፍ ሰዓትና መሰል ክፍያ ካለ ጥያቄው ሊከፈል ከሚገባበት ቀን አንስቶ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ጊዜው አልፏል ተብሎ ውድቅ ይሆናል ማለት ነው። «በሚቀጥለው በጀት እናየዋለን» ለሚል መልስ ብላችሁ ይህን ቀን አታሳልፉ።