ሄሊኮፕተሯ በቦታዋ የምትሽከረከርበት ምክንያት

የሪሞት ሄሊኮፕተሬ ገና ስትነሳ እንደ እንዝርት ትሽከረከር ጀመር። አዳማ ነፋሻማ ናት፤ ግን ቤት ውስጥም ያው ነው። አካሏ እንዳይሽከረከር የሚይዘው የጭራው ሞተር አይዞርም።

ባትሪው 4.2 ቮልት፣ ሙሉ ነው። ሞተሩን ነቅዬ በቀጥታ ከባትሪው ጋር ሳገናኘው ወዲያው ዞረ። የቀረው ሽቦው ነው።

ቴስተሩን ሽቦው ካልተቋረጠ ድምፅ በሚሰጠው ላይ አድርጌ ከቦርዱ እስከ ጭራው ለካሁ። ቀዩ ሽቦ ዝም። ጎንበስ ሳደርገው ጢጥ ይላል፣ ስለቀው ዝም! ላስቲኩ ደህና ነው፤ ውስጡ ግን ወደ ጭራው ቱቦ በሚገባበት ጠርዝ ላይ ተበጥሷል። እዚያ ጋ ሁሌ ይታሻል።

ቆርጬ፣ ልጬ በካውያ በየድኩት፤ በናስትሮ ጠቀለልኩት። ሽቦውን ትንሽ ላላ አድርጉት፤ ከተወጠረ እዚያው ይበጠሳል። ደግሞ ባትሪውን ሳትነቅሉ ካውያ እንዳታስጠጉ፤ ሊቲየም ባትሪ ሾርት ካደረገ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።