የሠርግ ዲቪዲ በትልቅ ቲቪ ሲያዩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ውስጥ የሠርግ ዲቪዲ የሌለው ቤት ማግኘት ይከብዳል። እኛ ቤት ያለው የእህቴ ነው። ትልቅ ቲቪ የገዛን ዕለት እናቴ መጀመሪያ ክፈቱልኝ ያለችው እሱን ነበር። ምስሉ ግን ደብዛዛ ሆነባት። "ሙሽሪትን እንኳ በቅጡ አልለየኋት" ስትለኝ አንጀቴን በላችኝ። በማግስቱ ምስል ያሳድጋል የተባለ ዴክ ገዝቼ ገባሁ። ብዙም ለውጥ አላመጣም።

ትልቁ ስህተት፣ ዴኩ የሌለ ነገር ያመጣል ብሎ ማሰብ ነው። እኛ ጋ የተለመደው ፓል የሚባለው የዲቪዲ ዓይነት በአንድ ምስል 720 በ576 ነጥብ ይይዛል። ፉል ኤችዲ ቲቪ 1920 በ1080 ነው። አባዙት፤ ልክ 5 እጥፍ ይመጣል። ፎር ኬ ከሆነ 20 እጥፍ። የጎደለውን ነጥብ ማሽኑ አጠገቡ ያሉትን አይቶ በግምት ይሞላዋል። ጠርዙ ይለሰልሳል፣ ደረጃ ደረጃ የሚመስለው መስመር ይጠፋል። ዲስኩ ላይ ያልተቀዳ የቀሚስ ጥልፍ ግን ከየትም አይመጣም። ጉም የለበሰውን የጦሳ ተራራ ፎቶ አንስታችሁ አሳድጉት። የሚያድገው ጉሙ ነው፤ ዛፉ አይታይም።

ሌላው፣ ቲቪው ራሱ ይህንኑ ሥራ እንደሚሠራ መርሳት ነው። ያለዚያ ምስሉ ስክሪኑን አይሞላም ነበር። ስለዚህ ጥያቄው ከሁለቱ ማን የተሻለ ይገምታል የሚለው ብቻ ነው። የቲቪው ሥራ ደካማ ከሆነ ዴኩ ይረዳል። ጥሩ ቲቪ ካላችሁ ግን ልዩነቱን ላታዩት ትችላላችሁ። ከመግዛታችሁ በፊት የጎረቤት ዴክ ተውሳችሁ ሞክሩ።

ገመዱንም እዩ። አዲስ ዴክ ገዝቶ በቢጫ፣ ቀይና ነጩ ገመድ ማገናኘት ገንዘብ መጣል ነው። በቢጫው ያደገ ምስል አያልፍም። ኤችዲኤምአይ የሚባለው ገመድ ያስፈልጋል። ከዚያም በዴኩ ሪሞት ሴቲንግ ገብታችሁ 1080 መምረጥ አለባችሁ።

የድሮ ቪዲዮ 4 በ3 ሆኖ ሳለ ስክሪኑን እንዲሞላ መለጠጥም አለ። ሰው ሁሉ ይወፍራል። ግራና ቀኙ ጥቁር ይሁን፣ ተዉት። ቲቪው ላይ ሻርፕነስ የሚለውንም የምስል ማስተካከያ እስከ ጥግ አትውሰዱት፤ ፊት ዙሪያ ነጭ መስመር ያመጣል።

የመጨረሻውን እኔ ዘግይቼ ነው ያወቅሁት። አንድ የተለመደ ዲቪዲ የሚይዘው 4.7 ጊጋባይት ነው። የቀኑን ሠርግና መልሱን እዚያ ላይ ለማጨቅ ሲባል ጥራቱ ገና ሲቀዳ ይቀነሳል። ያንን የትኛውም ዴክ አይመልሰውም። ስለዚህ ቪዲዮ ቀራጩን ዋናውን ፋይል ጠይቁት። የእኛው እንደ ዕድል አላጠፋውም ነበር፤ በፍላሽ ገልብጦ ሰጠን። የተቀረጸው በኤችዲ ነበር። ፍላሹን ቲቪው ላይ ስሰካው እናቴ ቡናዋን አስቀምጣ ተጠጋች። የእህቴን ብቻ ሳይሆን የአክስቴን ሹሩባ ሳይቀር ለየችው።